ጋሽ ኢንተር ሥራ ፈቱ

ሲያቋርጡኝ አልወድም። ወሬ ስጀምር ጣልቃ የሚገባብኝን፣ ስበላ የሚጠራኝን፣ ሸለብ ሲያደርገኝ የሚቀሰቅሰኝን ሰው አልወድም። ባለቤቴ «አንተን ለማቋረጥ ፈቃድ ማውጣት ያስፈልጋል» ትላለች። እንዲህ ያለው ሰውዬ ዛሬ ቁጭ ብሎ ይህን የሚያወራችሁ ግን አንድ ማሽን በትክክለኛው ሰዓት ስላቋረጠው ነው። ከማሽኑ ይልቅ የማመሰግናት ሰው አለች፤ እሷ ጋ እደርሳለሁ፣ አታቋርጡኝ።

ሥራዬ የኔትወርክ ቴክኒሺያንነት ነው። ድርጅታችን ዕቃ ከከተማ ከተማ ያመላልሳል። በየቅርንጫፉ አንዳንድ ራውተር አለ፤ የቅርንጫፉን ኮምፒውተሮች ከዋናው መሥሪያ ቤት ጋር የሚያገናኝ፣ መደርደሪያ ላይ ተቀምጦ መብራቱን ብልጭ ድርግም የሚያደርግ ሳጥን ነው። አንዱ ሲታመም መኪና አስነስተን አንሄድም። ከወንበራችን ሳንነሳ በመስመር እንገባና፣ የይለፍ ቃል ሰጥተን፣ ትእዛዝ ጽፈን እናክመዋለን። ሳጥኑ ከሩቅ ለሚመጣ እንግዳ ያለው በር አምስት ብቻ ነው። አምስት ከገባ ስድስተኛው ደጅ ይቀራል፣ አለቃም ቢሆን።

ታዲያ የገባው እንግዳ ምንም ሳይነካ ዝም ብሎ ከተቀመጠ፣ ሳጥኑ «ይኼ ሰው ሥራ ፈትቷል» ብሎ በሩን እንዲዘጋበት ደቂቃ ሊወሰንለት ይችላል። ዜሮ ብለው ከጻፉለት ደግሞ ማንንም አያስወጣም፤ እስከ ምጽአት ድረስ በሩን ከፍቶ ይጠብቃል። እኔ ሁሉም ላይ ዜሮ ጽፌ ስኖር የኖርኩ ሰው ነኝ። ምክንያት አለኝ። አንዳንድ ብልሽት ረጅም ማሰብ ይፈልጋል። የኔትወርኩን ሥዕል ጠረጴዛ ላይ ዘርግተህ፣ አገጭህን ይዘህ፣ የነገሩን ውል ላገኘው ነው ስትል ማሽን ሲያባርርህ ቆሽትህ ያርራል።

የእኛ ባልሆኑት፣ መስመር በሚያከራዩን ሰዎች ማሽኖች ላይ ግን ገደብ ነበረ። በእነሱ ምክንያት የቀኝ እጄ ትንሿ ጣት ልማድ አወጣች። እያሰብኩም፣ እያወራሁም፣ ጋዜጣ እያነበብኩም በየመሀሉ ኢንተር የሚለውን ቁልፍ ጠቅ ታደርጋለች። ማሽኑ «አለ፣ እየሠራ ነው» ብሎ ይተወኛል። የቢሮ ልጆች ስሜን ረስተው «ጋሽ ኢንተር» አሉኝ። ባለቤቴ እንኳ እራት ላይ ጣቴ ጠረጴዛውን ስትነካካ «አሁን ደግሞ የት ገባህ?» ትለኛለች።

አለቃችን የመጣችው በዚህ መሀል ነው። የልጄ እኩያ ናት። ድምፅዋ ዝቅ ያለ፣ ሁሉንም ሰው ከጽዳት ሠራተኛዋ እስከ ሥራ አስኪያጁ «እርስዎ» የምትል፣ ሐሳቧ ላይ ግን ንቅንቅ የማትል ልጅ። እንደመጣች ሰሞን የሩቁ ቅርንጫፍ ራውተር ታመመና ልትገባ ስትል ደጅ ቀረች። አምስቱም በሮች ተይዘዋል። በአምስቱም የገባሁት እኔ ነበርኩ። አንድ ቀን ከቢሮ፣ አንድ ቀን ከቤት እየገባሁ፣ ሳልወጣ ላፕቶፔን ክድን እያደረግሁ ስነሳ፣ ሳጥኑ አምስት ጥላዬን ይዞ ቁጭ ብሏል። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባል የለ? ራውተርን ያላወቁ ናቸው ሁለት ብቻ ያሉት።

መኪና ይዛ ያን ሁሉ ኮረኮንች ሄደች። ሳጥኑ ጀርባ ላይ ገመድ ሰክታ አምስቱን ጥላዎቼን አስወጥታ፣ አቧራ ለብሳ ተመለሰች። ጩኸት ጠብቄ ነበር። አጠገቤ መጥታ ቆመችና፣

«ጋሼ፣ አምስቱም እርስዎ ነበሩ» አለችኝ። «ለእኛ እኮ አንዱ እርስዎ ይበቁናል።»

ልጆቹ ሳቃቸውን ለቀቁት። እኔም ሳቄ መጣ፣ ግን ዋጥኩት። በነጋታው ስብሰባ ጠርታ በሁሉም ራውተሮች ላይ ገደቡ አምስት ደቂቃ እንዲሆን ወሰነች።

«አምስት ደቂቃ!» አልኳት። «በአምስት ደቂቃ እንቁላል እንኳ በደንብ አይቀቀልም!»

«ጋሼ፣ ክፍት ትተውት ምሳ ሲሄዱ አንድ የማናውቀው ሰው መጥቶ ወንበርዎ ላይ ቢቀመጥስ? ያልጠረጠረ ተመነጠረ።»

«እኔ ወንበር ላይ ማን ደፍሮ ይቀመጣል?»

ይኼኛውን እሷም ሳቀችለት። አምስቷ ግን እዚያው አምስት ሆና ቀረች።

ገደቡን መጀመሪያ የሞከርነው በአንድ ራውተር ላይ ነበር። እኔም ዘዴ አላጣሁም። ትልቁን ስቴፕለሬን አንስቼ ኢንተር ቁልፉ ላይ አጋደምኩትና ሻይ ልጠጣ ወጣሁ። ስመለስ ስክሪኑ ከላይ እስከ ታች በባዶ መስመር ተሞልቷል፣ ስቴፕለሩ የለም። አለቃ መሳቢያዋ ውስጥ ከታ ቆልፋበታለች።

«ለምን ወረስሽብኝ?» ብዬ ቢሮዋ ገባሁ።

«ጋሼ፣ ይኼ ሠራተኛ የይለፍ ቃል የለውም» አለችኝ፣ ፊቷ ላይ አንድም ሳቅ ሳይታይ።

ይህ ሳያንስ በየራውተሩ እየገቡ ገደቡን የማስገባቱን ሥራ ለእኔ ለራሴ ሰጠችኝ። የተፈረደበትን ሰው ገመድህን ራስህ ፍተል እንደማለት ነው። ቆሽቴ አረረ።

«ዜሮ እንደሆነ ብተወውስ? ማን ያጣራል?» አልኳት።

«ማንም አያጣራም» አለች። «እርስዎ ጨረስኩ ካሉኝ አልቋል ማለት ነው።»

ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። አንገቴን ደፍቼ ወጣሁና ሥራዬን ጀመርኩ። እያጉረመረምኩ አንዱን ከአንዱ ቀጥዬ ሁሉንም አዳረስኩ። መጨረሻ የቀረው ከከተማው ወጣ ብሎ ያለው የመጋዘኑ ራውተር ነበር። ዋናው ቢበላሽ የሚተካው ተጠባባቂ ነው፤ ከእኔ በቀር የሚገባበት የለም። ይህችን አንዲቷን ለራሴ ላስቀራት ብዬ በልቤ ወስኜ ነበር።

ስለ ቆሽቴ ካነሳሁ አይቀር፣ ስኳር አለብኝ። ሐኪሙ «ቆሽትዎ ደክሟል» ሲለኝ ባለቤቴ አጠገቤ ነበረችና «አልደከመም ዶክተር፤ በንዴት አሳርሮት ነው» ብላ ሐኪሙን አሳቀችው። ጠዋት ጠዋት ኢንሱሊን እወጋለሁ፣ ወዲያው እበላለሁ፤ ሕጉ ይኸው ነው። መርፌው ገብቶ ምግቡ ከቀረ ስኳሩ ከደም ውስጥ እልም ብሎ ይጠፋል፣ ሰውዬውም አብሮ ይጠፋል።

ወደ መጋዘኑ በምሄድበት ጠዋት መርፌዬን ወግቼ ልቀመጥ ስል ሾፌሩ ከውጭ ጥሩምባውን ነፋ።

«መንገድ ላይ እበላለሁ» አልኳት ባለቤቴን።

«አንተ? መንገድ ላይ?» እያለች ዳቦና እንቁላል ጠቅልላ ቦርሳዬ ውስጥ ወተፈችልኝ። «እንዳትረሳው ብያለሁ!»

ረሳሁት። መንገዱን ሙሉ ስለ አምስት ደቂቃ ክፋት ለሾፌሩ ሳስረዳ አፌ ለመብላት አልተመቸም። ሾፌሩ ከትህትናው ብዛት «ልክ ነዎት ጋሼ» ይላል፤ እኔ ይብስብኛል።

ሾፌሩ አውርዶኝ ተመለሰ። የማሽኑ ክፍል ከመጋዘኑ ጀርባ ነው። ጠባብ፣ ማቀዝቀዣው ቀን ከሌት የሚጮህበት፣ በሩ ሳብ ሲያደርጉት በራሱ የሚቆለፍ፣ ቁልፉም በገባው ሰው እጅ የሚሆን ክፍል። በሩ ላይ አንዲት ትንሽ መስታወት አለች። አንድ የሚያስቸግር ገመድ ነበረ፣ ቀየርኩት። ከዚያ ሳጥኑ አጠገቤ ቢሆንም እንደ ልማዴ ላፕቶፔን ዘርግቼ በመስመር ገባሁ። ገደቡ ያለበት ቦታ ደርሼ ዜሮ ጻፍኩ።

አሁን ያቺ ትንሿ ጣቴ ኢንተር ላይ ተንጠልጥላ ቀረች። በሕይወቷ ኢንተርን ለመጫን ያመነታችው ያኔ ብቻ ነው። «እርስዎ ጨረስኩ ካሉኝ አልቋል» የሚለው ድምፅ ጆሮዬ ውስጥ ገብቶ አልወጣ አለ። ብታጣራኝ ኖሮ አታልላት ነበር፤ ዓይኔን ግንባር ያድርገው፣ ደስ እያለኝ አታልላት ነበር። የሚያምንህን ሰው ማታለል ግን ምን ጣዕም አለው? ዜሮዋን አጠፋሁ። «እንግዲህ ደስ ይበልሽ!» እያልኩ አምስት ጻፍኩ። ወጥቼ እንደገና ስገባ ገደቡ መያዙን አየሁ። ለእሷም ደወልኩና «ጨርሻለሁ» ብዬ መልሷን ሳልሰማ ዘጋሁት። ስልኬን ጃኬቴ ኪስ ውስጥ ከተትኩ፤ ጃኬቴንም በሩ ጀርባ ሰቀልኩ።

ከዚያ አዲሱ ገመድ ስሕተት ያሳይ እንደሆነ እየተከታተልኩ ተቀመጥኩ። ጣቴ ጠቅ፣ ጠቅ ታደርጋለች። በዚያ ብርድ ግንባሬን ላብ አጠመቀው። እጄ ተንቀጠቀጠ። ንዴት መሰለኝ፤ እኔ ሁሉም ነገር ንዴት ነው የሚመስለኝ። አንዱን መስመር ደጋግሜ አነበብኩት፣ አልገባኝ አለ። ቦርሳዬ እግሬ ሥር ነበረ፤ ዳቦው ትዝ ያለኝ ይመስለኛል፣ ግን ጎንበስ ማለት ረጅም መንገድ ሆነብኝ። ከዚህ በኋላ ያለውን የማውቀው ከሰው አፍ ነው።

ቢሮአችን ግድግዳ ላይ አንድ ትልቅ ስክሪን አለ። የትኛው ራውተር ውስጥ ማን እንደገባ፣ ማን እንደወጣ፣ ለምን እንደወጣ በየመስመሩ ይጽፋል። በዚያ ስክሪን ላይ ስሜ ብቅ አለ፦ የመጋዘኑ ራውተር ሥራ ፈትቷል ብሎ በሩን ዘግቶብኛል።

ልጆቹ ከወንበራቸው ተነሱ። «ጋሽ ኢንተር ሥራ ፈቱ!» ብሎ አንዱ ጮኸ። ሁሉም አጨበጨቡ። ሌላው ስልኩን አውጥቶ መስመሩን ፎቶ ሊያነሳው ሄደ፤ አልፈርድባቸውም፣ እንዲህ ያለ ነገር በሕይወታቸው አይተው አያውቁም። አለቃ ጩኸቱን ሰምታ ከቢሮዋ ወጣች። ያሳዩአትን አየችና ፈገግ አለች። ከዚያ ፈገግታዋ ቆመ።

«እሳቸው?» አለች። «እሳቸው አምስት ደቂቃ ሙሉ ጣታቸውን አነሱ?»

ደወለች። አላነሳሁም። ደገመች። አላነሳሁም። ልጆቹ «ሻይ ወጥተው ይሆናል» አሏት፤ መጋዘኑ አካባቢ ሻይ ቤት እንደሌለ ታውቃለች። ለመጋዘኑ ጥበቃ ደወለች።

«ኧረ ደኅና ናቸው አለቃ» አላት ጥበቃው። «አሁን በመስታወቱ አይቻቸው ነው የመጣሁት። ጠረጴዛው ላይ ደፋ ብለው ተኝተዋል። እንዳልረብሻቸው በእግር ጣቴ ነው የተመለስኩት።»

«አልተኙም! በሩን ስበረው!»

«የድርጅቱን በር?»

«የድርጅቱን በር! ለእሱ እኔ እጠየቃለሁ፤ አንተ ዝም ብለህ ስበረው!»

ሁሉን ሰው «እርስዎ» የምትለው ልጅ ያን ቀን አንተ አለችው፤ እሱም አልተቀየማትም። ያ ዝቅ ያለ ድምፅ ያን ያህል ይወጣል ብሎ ቢሮ ውስጥ ያሰበ አልነበረም። ጥበቃው በሩን በትከሻው ገንጥሎት ገባ። እሷ በሌላው ስልክ አምቡላንስ ጠርታ ራሷም ወደ መኪናዋ ሮጠች። የአምቡላንሱ ነርስ ስኳሩን በመርፌ በደም ሥሬ ሰጠኝ። ጥበቃው እስከ ዛሬ ባየኝ ቁጥር ትከሻውን እያሻሸ «ዋጋዎ ከባድ ነው ጋሼ» ይለኛል።

ግንባሬ ያረፈው ከላፕቶፑ አጠገብ በዘረጋሁት የኔትወርክ ሥዕል ላይ ነው። አንድ ስንዝር ወደ ቀኝ ብሎ ኪቦርዱ ላይ አርፎ ቢሆን ኖሮ፣ ግንባሬ ራሱ ኢንተርን ተጭኖ ሲሠራ ይውል ነበር። ይህንንም አምላኬን አመሰግንበታለሁ፤ በትንሹም በትልቁም ማመስገን ከጀመርኩ ማቆሚያ የለኝም።

ሆስፒታል ስነቃ መጀመሪያ ያየሁት የባለቤቴን ፊት ነው። ዓይኔን እንደገለጥኩ፣

«ዳቦው ቦርሳህ ውስጥ ነው» አለችኝና እንባዋ ዱብ ዱብ አለ።

አለቃ እግርጌ ቆማለች። ሐኪሙ ትንሽ ቆይተው ቢሆን አእምሮዬን ወይም እኔን ራሴን ያጡኝ እንደነበር ነገራቸው። ባለቤቴ ወደ አለቃ ዞራ እንዴት እንዳወቀች ጠየቀቻት። ልጅቷ ስለ ራውተሩ፣ ስለ ገደቡ፣ ስለ ግድግዳው ስክሪን በትዕግሥት አስረዳቻት። ባለቤቴ ከራውተር ጋር ትውውቅ የላትም።

«እንግዲያው ጣቱን ስላነሳ ነው የደረሽለት?»

«አዎ እትዬ። እሳቸው ጣታቸውን አያነሱም።»

ባለቤቴ ያቺን ትንሽ ጣቴን ይዛ ሳመቻት። ከዚያ የአለቃን አንገት አቀፈች። «ልጄ፣ ዕድሜሽ ይርዘም። የያዝሽው ይባረክልሽ። ክፉ አይይሽ።» ምርቃቱ አልቆ ደግሞ እንባዋን እየጠረገች፣ «እኔ እኮ ይኼን ሁሉ ዓመት እሱ ዝም ሲል ‹ተመስገን፣ ዝም አለልኝ› እያልኩ ነው የኖርኩት» አለች። ነርሷ ሳትቀር ሳቀች።

እኔ ግን አንድ ነገር ልቤን በላኝ።

«ያኛው ላይ ዜሮ ትቼው ቢሆንስ?» አልኳት አለቃን። «ብተወው ኖሮ ስክሪኑ ምንም አይልሽም ነበር። አጣርተሽ ነበር እንዴ?»

«ምን አጣራለሁ?» አለችኝ ግራ ተጋብታ። «ጠዋት ደውለው ጨርሻለሁ ብለውኛል እኮ።»

ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞርኩ። ሰው እንባዬን ሲያይም አልወድም። ሰው ለሰው መድኃኒቱ ነው ሲባል እሰማ ነበር፤ እኔ መድኃኒቴን የተቀበልኩት ገና ሳልታመም፣ ቢሮዋ ውስጥ አንገቴን ደፍቼ ቆሜ «ማንም አያጣራም» ስትለኝ ነው። አምናኝ ባይሆን ያቺ ዜሮ እዚያው ትቀር ነበር። እኔም እዚያው እቀር ነበር።

ድኜ ሥራ ስመለስ ቢሮዋ ጠራችኝ። መሳቢያዋን ከፍታ ስቴፕለሬን ጠረጴዛው ላይ አኖረችው።

«ይኸው፣ ይቅርታ ተደርጎለታል» አለች። «ደግሞ ጋሼ፣ ሳስበው፣ እርስዎ ብቻዎን የሚሠሩበት አንዱ ራውተር ላይ ገደቡ ይነሳልዎት እንዴ? ማሰቢያ ጊዜ ያስፈልግዎታል፤ እርስዎ እንዳሉት።»

«እንዳትነኪው!» ብዬ ጮህኩባት። ደነገጠች፤ ከዚያ ሁለታችንም ሳቅን። ስቴፕለሩ አሁን ወረቀት ብቻ ነው የሚያያይዘው።

በዚያው ሰሞን እንደገና ወደ መጋዘኑ የምሄድበት ሥራ መጣ። ቁርሴን ባለቤቴ ፊት በላሁ፣ ሾፌሩ ጥሩምባውን ቢነፋም ጨርሼ ተነሳሁ። የማሽኑ ክፍል አዲስ በር ተገጥሞለታል፤ ከውጭም ከውስጥም ይከፈታል። ስልኬን ጠረጴዛው ላይ አደረግሁ፣ ላፕቶፔን ዘርግቼ ገባሁ፣ ሥራዬን ሠራሁ። ሲያልቅ አንድ ተንኮል መጣብኝ። እስቲ አለቃ ምን እንደምትል ልያት ብዬ ጣቴን ከኢንተር ላይ አነሳሁና ሁለት እጆቼን ጭኔ ላይ አስቀመጥኩ።

ሥራ መፍታት ከባድ ነው። ጣቴ ብቻዋን እየዘለለች አስቸገረችኝ፣ በሌላው እጄ ያዝኳት። መብራቶቹን አየሁ። ማቀዝቀዣውን ሰማሁ። ወንበሩ ላይ፣ ጠረጴዛው ላይ፣ ግንባሬ ያረፈበት ቦታ ላይ ዓይኔን አሳረፍኩ። ከዚያ ሳጥኑ ሥራ ፈትተሃል ብሎ በሩን ዘጋብኝ። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲያባርሩኝ ፈገግ አልኩ። ስትደውል «ሞቼ ነው ያለሁት» ልላት ቀልዴን አዘጋጅቼ ነበር።

ስልኩ ወዲያው ጮኸ።

«ጋሼ?»

ድምፅዋ ይንቀጠቀጥ ነበር። የአለቃ ድምፅ አልነበረም፤ አባቷን ደጋግማ ጠርታ መልስ ያጣች ልጅ ድምፅ ነበር። ቀልዴን ተውኩት።

«አለሁ» አልኳት። «አለሁ ልጄ። ደኅና ነኝ፣ አለሁ።»

«ተመልሰው ይግቡ» አለችኝ። «ስምዎን እስካየው ስልኩን አልዘጋም።»

ስልኩን ጆሮዬና ትከሻዬ መሀል ይዤ የይለፍ ቃሌን ጻፍኩ። ስቸኩል አንዴ ተሳሳትኩ፤ እንደገና ጻፍኩና በትንሿ ጣቴ ኢንተርን ተጫንኩ። ስሜ ግድግዳቸው ላይ ሲወጣ፣ ከስልኩ ወዲያ ልጆቹ ሁሉ ሲያጨበጭቡ ሰማሁ።